የጊሪሽ ካርናድ ተውኔቶች በአማርኛ መድረክ፦ የትኛውን እናንሣ፣ እንዴትስ እናዘጋጅ?

ሦስተኛው ደወል፦

ሰላም ለቤቱ። ከሕንዳዊው ጸሐፌ ተውኔት ከጊሪሽ ካርናድ ሥራዎች አንዱን ወደ አማርኛ መልሰን ለመድረክ ልናበቃ ነው። ያለን ኃይል 8 ተዋንያን (5 ወንድ፣ 3 ሴት)፣ አንድ ከበሮ መቺና አንድ ዋሽንት ነፊ ነው። መድረኩ 7 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ መብራቱ ጥቂት ነው፤ ከላይ የሚወርድ መጋረጃ የለውም። ለምርጫ የቀረቡት «ቱግላክ»፣ «ሀያቫዳና» እና «ናጋ ማንዳላ» ናቸው። በሁለት ነገር አሳብ ስጡን። አንደኛ፣ በዚህ አቅም የትኛው ይሻላል? ሁለተኛ፣ ታሪኩን ወደ አገራችን አምጥተን ስሙንም ቦታውንም እንለውጥ የሚሉ አሉ፤ ያስኬዳል?

መጋረጃ ጀርባ፦

ካርናድን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ፦ በ1938 ማቴራን በምትባል የተራራ ከተማ ተወለደ፣ በ2019 ቤንጋሉሩ ዐረፈ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የጻፈው በደቡብ ሕንድ በሚነገረው በካነዳ ቋንቋ ነው፤ አብዛኞቹን ተውኔቶቹን ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ስለመለሳቸው ከእንግሊዝኛው ብትተረጉሙ በመካከል የሌላ ሰው እጅ አልገባበትም።

ዋናውን ላስቀድም። የካርናድ አሳብ በገጸ ባሕርያቱ አፍ ብቻ አይነገርም፤ ከመድረኩ አሠራር ጋር የተጋመደ ነው። መጋረጃውን፣ ጭምብሉን፣ የመድረኩን ፊትና ኋላ «ጌጥ ነው» ብሎ የጣለ አዘጋጅ እጁ ላይ የሚቀረው ባዶ ተረት ነው።

«ቱግላክ»ን (1964) ውሰዱ፤ ስለ ዴልሂው ሱልጣን ስለ መሐመድ ቢን ቱግላክ ነው። 13 ትዕይንት አለው። ካርናድ አወቃቀሩን ያገኘው ከድሮዎቹ የፓርሲ (ከፋርስ የመጡ የሕንድ ማኅበረሰብ) ቲያትር ቡድኖች ነው። እነሱ ትዕይንትን ጥልቅና ጠባብ ብለው ይከፍሉት ነበር። ጥልቁ ቤተ መንግሥት ነው፤ መላውን መድረክ ይይዛል። ጠባቡ መንገድና ሰፈር ነው፤ ከተሳለ መጋረጃ ፊት፣ በመድረኩ ጫፍ ላይ ይካሄዳል፤ ከኋላ ዕቃ እስኪቀየር ቀልደኞቹ ሕዝቡን ያቆዩታል። ካርናድም ሁለቱን አጭበርባሪዎች፣ አዚዝንና አዛምን፣ በዚያ በጠባቡ አኖራቸው። አዚዝ ሙስሊም ልብስ አጣቢ ነው። ሱልጣኑ ማንም ዜጋ መንግሥትን መክሰስ ይችላል ብሎ ስላወጀ፣ አዚዝ ብራህሚን (የሂንዱ ካህናት ወገን) መስሎ ይከሰዋል፣ ይረታዋል፤ 500 የብር ዲናርና የመንግሥት ሥራ ይፈረድለታል። ከዚያ ወዲያ ይህ ሰው ከጠባቡ ወደ ጥልቁ እየገፋ ይሄዳል። በመጨረሻው ትዕይንት ቤተ መንግሥት ውስጥ ከሱልጣኑ ጋር ፊት ለፊት ይቆማል፣ ሱልጣኑም ከመቅጣት ይልቅ ይሾመዋል። የመንግሥቱ መፍረስ ከማንኛውም ንግግር ይበልጥ የሚታየው አዚዝ በቆመበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ከ5 ሜትሩ ጥልቀት የፊቱን 1.5 ሜትር ለጠባቡ ትዕይንት ለዩት። ወለሉን በምንጣፍ ወይም በቀለም ምልክት አድርጉበት፣ የራሱ መብራት ይኑረው። አዚዝ ወደ ቤተ መንግሥት እስኪገባ ድረስ ያንን መስመር አንድ ጊዜም አይርገጥ። ከልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ካልተጠበቀ ተዋንያኑ ለእይታ ይመቸናል እያሉ ወደ መሐል ይሳባሉ፣ ነገሩም ይበላሻል።

ነገር ግን 8 ሰው ለ«ቱግላክ» አይበቃም። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ሚና ደርቦ እንኳን ከ12 በታች ይከብዳል።

ብሌን፦

በ«ቱግላክ» ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ አዘጋጆች ሚና ሲመድቡ የሚስቱት ነው። ሱልጣኑን በአደባባይ የሚነቅፈው ሰባኪ ሼክ ኢማም ኡድ ዲን መልኩ ከሱልጣኑ ጋር ይመሳሰላል። ሱልጣኑ የንጉሥ ልብስ አልብሶ ለእርቅ ወደ ዐመፀው አገረ ገዥ ወደ ዓይን ኡል ሙልክ የላከው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጠላትም ሱልጣኑ መስሎት ገደለው። ቁመትና ትከሻው የማይመሳሰል ሰው ከመደባችሁ ተንኮሉ አይገባም፣ ተመልካቹም ሼኩ ለምን እንደ ሞተ ሳይረዳ ይቀራል።

የጸሎቱን ትዕይንትም አስቡበት። ሱልጣኑ ሕዝቡን በቀን አምስት ጊዜ ስገዱ ብሎ ያስገድዳል። መኳንንቱ በስግደት ሰዓት መሣሪያ አይያዝም በሚለው ሕግ ተጠቅመው ሊገድሉት ያሴራሉ። ሴራው ሲከሽፍ ሱልጣኑ ከሴረኞቹ አንዱን ሺሃብ ኡድ ዲንን በገዛ እጁ ይወጋዋል፣ ቀጥሎም በአገሩ ሁሉ ጸሎት ይከለክላል። የጸሎት ጥሪ እንደገና የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሱልጣኑ ዙፋኑ ላይ እንቅልፍ ይዞታል፣ ጥሪው ሲያበቃ ብንን ብሎ የት እንዳለ እንደማያውቅ ሰው ዙሪያውን ያያል። አዛኑ መሐል ላይ ከተቆረጠ ወይም ሙዚቃ ከተደረበበት ተውኔቱ መጨረሻ አጣ ማለት ነው። ስግደቱን ተዋንያኑ ከሚያውቅ ሰው ሥርዓቱን ጠብቀው ይማሩ።

ለ8 ሰው ግን መልሴ «ሀያቫዳና» ነው።

የድሮ አዘጋጅ፦

ልጆቼ፣ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ልናገር። ቦታውን አትለውጡ።

«ቱግላክ»ን ወደ አንድ የእኛ ንጉሥ ብታመጡት ተመልካቹ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ «ይሄ እገሌ ነው» ብሎ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ተውኔቱን አያይም፣ የሚያየው የራሱን ክርክር ነው። ሕንዶቹ ራሳቸው ቱግላክ ውስጥ የመጀመሪያውን ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን የኔህሩን ዘመን ተስፋና ብስጭት አይተውበታል፤ ማየት የቻሉት ግን ካርናድ ነገሩን በ14ኛው መቶ ዘመን ዴልሂ ስለተወው ነው። ርቀቱ ነው የሚሠራው።

በዚያ ላይ ታሪኩ ከቦታው ጋር የተያያዘ ነው። መሐመድ ቢን ቱግላክ ከ1325 እስከ 1351 የገዛ እውነተኛ ሱልጣን ነው። ዋና ከተማውን ከዴልሂ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ዳውላታባድ አዛወረ፤ ከብር ጋር እኩል የሚመነዘር የመዳብ ገንዘብ አወጣ፣ ሕዝቡም በየቤቱ አስመስሎ ቀረጸው። በተውኔቱ ሐሰተኛው ሳንቲም በጋሪ እየተጫነ በሚወደው የጽጌረዳ አትክልት ቦታው ላይ እንዲከመር ያዝዛል። ሙስሊም ንጉሥ ሂንዱ ሕዝብን በእኩልነት ልግዛ ሲል የሁለቱም ጥርጣሬ የሚወድቅበት መሆኑ የነገሩ ሁሉ መነሻ ነው። ይህን ወደየት ታዛውሩታላችሁ?

የቃል ዘር፦

ጋሼ እውነት ብለዋል። ዳውላታባድ ከተነሣ ዘንድ፣ ለእኛ ሰው እውነተኛ ዝምድና አለው። ከሐበሻ ምድር በልጅነቱ በባርነት የተሸጠው ማሊክ አምበር የአሕመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ ሆኖ በሰሜን ሕንድ የነገሡትን ሙጋሎችን ሲዋጋ የኖረው በዚያው አካባቢ ነው። በ1626 ሞተ፤ መቃብሩም ከዳውላታባድ ምሽግ አጠገብ ኩልዳባድ ይገኛል። ይህ ከቱግላክ 300 ዓመት ያህል በኋላ ስለሆነ ወደ ተውኔቱ አይገባም፤ ለተመልካቹ በሚታደለው ወረቀት ላይ ግን ሁለት መስመር ቢጻፍለት ቦታውን ያቀርበዋል።

አሁን ጥያቄ። በ«ሀያቫዳና» ተራኪው ባጋቫታ አለ። በእሱ ቦታ አዝማሪ ከነመሰንቆው ብናስገባስ?

ብሌን፦

የቃል ዘር፣ በሙዚቃው ይሆናል፤ ሥራውን ግን በደንብ እዩት። ባጋቫታ ከያክሻጋና ከሚባለው የካርናታካ ባህላዊ ጨዋታ የመጣ ነው፤ ዘፋኝም፣ ተራኪም፣ መድረክ መሪም ነው። ገጸ ባሕርያቱን ያነጋግራል፣ ይጠይቃቸዋል፣ የማይናገሩትን ይናገርላቸዋል፣ ሲጨንቀው ደግሞ ዝም ይላል። አዝማሪ ባለጉዳዩን ማወደስና መንካት የለመደ ስለሆነ እያንዳንዱን ትዕይንት ወደ ቀልድ ሊጎትተው ይችላል። መሰንቆውን ተጠቀሙ፤ ሰውየው ግን ተዋናይ ይሁን፣ ጽሑፉንም አይልቀቅ።

ታሪኩን ለማያውቁ፦ ዴቫዳታ የብራህሚን ልጅ፣ ባለቅኔና ምሁር ነው፤ ካፒላ የብረት ሠሪ ልጅ፣ ጉልበተኛ ነው። ወዳጆች ናቸው። ዴቫዳታ ፓድሚኒን ያገባል፣ ፓድሚኒ ደግሞ ልቧ ወደ ካፒላ ገላ ያዘነብላል። ዴቫዳታ በካሊ ቤተ መቅደስ አንገቱን ይቆርጣል፣ ካፒላም ይከተለዋል። እንስት አምላኳ ካሊ ለፓድሚኒ ራሶቹን በየአንገታቸው መልሺ፣ ሰይፉን ጫኚባቸው፣ ይነሣሉ ትላታለች። ፓድሚኒ ራሶቹን ታለዋውጣለች። ባሏ የትኛው ነው? ባሕታዊው ራስ የአካል ሁሉ አዛዥ ነው ብሎ የዴቫዳታ ራስ ላለው ይፈርዳል። ችግሩ ግን ገላው ቀስ በቀስ ራሱን እየመሰለ ይሄዳል፤ ምሁሩ እንደገና ይለሰልሳል፣ ጫካ የገባው ካፒላ እንደገና ይጠነክራል። ፓድሚኒ ያገኘችው መስሏት የነበረውን ታጣለች። ካርናድ ይህን ከጥንታዊው የሳንስክሪት ተረቶች ስብስብ ከ«ካታሳሪትሳጋራ» እና ጀርመናዊው ቶማስ ማን ከጻፈው ልብ ወለድ ወስዶ የራሱን ጨመረበት፤ የጨመረው ፈረስ ራስ ያለው ሰው ሀያቫዳና ነው።

ወደ ሥራው። ለሁለቱ ወዳጆች ጭምብል 2 ነው፤ ለዴቫዳታ ፈዘዝ ያለ፣ ለካፒላ ጠቆር ያለ። ከግንባር እስከ ላይኛው ከንፈር ብቻ ይሁን፤ አፍ ከተሸፈነ ድምፅ ይታፈናል። የጋዜጣ ቁራጭ በዱቄት ማጣበቂያ 5 ወይም 6 ድርብ እየለጠፋችሁ በጥላ ሥር 2 ቀን አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ካዋላችሁት ይጣመማል። ከውስጥ ግንባሩ ላይ ስፖንጅ፣ ከኋላ የሚጠብቅና የሚላላ ላስቲክ አድርጉበት፤ ምክንያቱም አንዱ ጭምብል የሁለቱንም ተዋንያን ራስ መያዝ አለበት። ብዙ ዝግጅት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ለአንዱ ተለክቶ ይሠራና ሲለዋወጥ ዓይን ላይ ይወርዳል።

ጭምብሉ ብቻ ይለዋወጣል፤ ልብሱ ከገላው ጋር ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ ተዋንያን ሁለቱንም ሚና ሙሉ በሙሉ ያጥኑ፣ አነጋገሩንም አካሄዱንም። ልምምዱን በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ሚና አለዋውጣችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩት። ከለውጡ በኋላ የገላው መመለስ በ3 ደረጃ ይታይ፦ መጀመሪያ አዲሱ ጉልበት፣ ከዚያ መዘናጋት፣ ከዚያ አሮጌው ልማድ። በአንድ ጊዜ ከተመለሰ ፓድሚኒ ያለ ምክንያት የተሰላቸች ትመስላለች።

ሦስተኛው ደወል፦

እህቴ ብሌን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የመጋረጃውስ ነገር? እኛ ጋ የለም ብለናል። ደግሞ ተውኔቱ ለሂንዱው አምላክ ለጋኔሻ በሚቀርብ ጸሎት ይከፈታል፤ ተመልካች ያጉረመርማል ብለን ልናወጣው አስበን ነበር።

መጋረጃ ጀርባ፦

የሚያስፈልገው ከላይ የሚወርድ አይደለም፤ 2 ሰው በእጃቸው የሚይዙት ግማሽ መጋረጃ ነው። ወርዱ 2.5 ሜትር፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ አቡጀዲ በቀይ ወይም በሐምራዊ ነክሩት፤ የሚያብለጨልጭ ጨርቅ መብራት ይመልሳል። ከላይኛው ጠርዝ ገመድ አስገቡ፣ ከታች ምንም ክብደት አታድርጉ፤ በቀላሉ መውደቅ አለበት። ሲያዝ የተዋናዩ እግር ከታች፣ የራሱ ጫፍ ከላይ ይታይ። ያዦቹ ተመልካች አይዩ፣ ፊታቸው ላይም ስሜት አይኑር።

ይህ መጋረጃ 2 ትልልቅ ሥራ ይሠራል። አንደኛው የሀያቫዳና መግቢያ ነው፤ ፊቱን ሊደብቅ መጋረጃውን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ ቀስ በቀስ ዝቅ ሲል የፈረሱ ራስ ይወጣል። ሁለተኛው ካሊ ናት። ከበሮው ይጨምራል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ እጇን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ፣ ምላሷን አውጥታ አስፈሪ ሆና ትታያለች፤ ከበሮው ቀጥ ሲል እጇን ታወርዳለች፣ አፏን ትገጥማለች፣ ለካ እያዛጋች ነበር። ከበሮ መቺው ግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ ሳቁ የለም። ይህን ቦታ ለብቻው ደጋግማችሁ ተለማመዱት።

ጋኔሻን አታውጡት። የዝሆን ራስ በሰው ገላ ላይ ያለው፣ አንድ ጥርሱ የተሰበረ፣ የምሉእነትና የስኬት አምላክ ተብሎ ይመለካል። የተውኔቱ ጥያቄ ሁሉ በመክፈቻው ወንበር ላይ ከሚቀመጠው ከጋኔሻ ጭምብል ይጀምራል። ተመልካችን የምታከብሩት ሥርዓቱን ሳታሾፉ በማሳየት ነው።

ከፑኔ የምጽፍ፦

የባሰ ስህተት አለ፤ ሀያቫዳናን ራሱን ማውጣት። «ከዋናው ታሪክ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ጊዜ ይበላል» ይላሉ። ከወጣ መጨረሻው አይሠራም። የፓድሚኒ ልጅ አይናገርም፣ አይስቅም፣ አሻንጉሊቶቹን አቅፎ ይቆማል። የሚያስቀው የሀያቫዳና ሁኔታ ነው፤ ሀያቫዳናም ሙሉ ፈረስ ሆኖ የሰው ድምፁ የሚጠፋው በዚሁ ትዕይንት ነው። አንዱ ሌላውን ይፈታዋል። ማሳጠር ካለባችሁ የተዋንያኑን የመግቢያ ግርግር አሳጥሩ።

አሻንጉሊቶቹም 2 ሰው የሚጫወቷቸው ናቸው፣ ተራ ዕቃ አይደሉም። የዴቫዳታ እጅ ለስላሳ እየሆነ መምጣቱን የሚነግሩን፣ የፓድሚኒን ሕልም የሚያዩት እነሱ ናቸው። ክፉዎች ናቸው፤ እርስ በርስ ይናከሳሉ። እንደ ሕፃን የሚያሳሱ ካደረጋችኋቸው የፓድሚኒ ሐሜተኛ ሕሊና መሆናቸው ይጠፋል።

ምደባው ለ8 ሰው እንዲህ ይሆናል። ባጋቫታ፣ ዴቫዳታ፣ ካፒላና ሀያቫዳና አራት ወንዶች፤ አምስተኛው ወንድ ደንጋጣው ተዋናይ (መጀመሪያ ላይ ሀያቫዳናን አይቶ ደንግጦ የሚሮጠው)፣ መጋረጃ ያዥና ባሕታዊ። ፓድሚኒ አንዲት ሴት፤ ሁለተኛዋ ካሊና አንደኛው አሻንጉሊት፤ ሦስተኛዋ ሁለተኛው አሻንጉሊት፣ ዘማሪና መጋረጃ ያዥ። ለልጁ ከውጭ አንድ ፈልጉ፤ በተውኔቱ 5 ዓመቱ ነው፣ ዝም ብሎ መቆም የሚችል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልጅ ይሻላል።

የቃል ዘር፦

«ናጋ ማንዳላ»ስ? ማንም አልነካውም። ሴት ተመልካች የሚበዛበት አዳራሽ ከሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያነጋግረው እሱ ነው።

ብሌን፦

በጣም እወደዋለሁ፤ ግን ሴት ይፈልጋል። ማታ ማታ የየቤቱ ኩራዝ ነበልባሎች ወጥተው በፈረሰ ቤተ መቅደስ የሚያወጉበት ቡድን ብቻውን ቢያንስ 4 ሴት ነው፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ራኒ፣ ዓይነ ስውሯ አሮጊት ኩሩዳቫና «ታሪክ» የምትባለው ገጸ ባሕርይ ሲጨመሩ 7 ይደርሳል። 3 ሴት ይዛችሁ አትጀምሩት።

ለሚያስብበት ሰው ግን ሁለት ነገር ልብ ይበል። የራኒ ባል አፓናና እባቡ ናጋ በአንድ ተዋናይ ይሠሩ። ባልየው ቀን መጥቶ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ሚስቱን ቆልፎባት ይሄዳል፤ ናጋ በባሏ መልክ ማታ ይመጣል። ልዩነቱ በልብስ ከሆነ ራኒ ሞኝ ትመስላለች፤ በአካሄድና በድምፅ ፍጥነት ብቻ ይለይ። የበሩ ቁልፍ ደግሞ እውነተኛና ድምፅ ያለው ብረት ይሁን። የራኒ እስር ቤት ያ ድምፅ ነው፤ ሌላ ግድግዳ አያስፈልግም።

መጨረሻውንም አትምረጡለት። ነበልባሎቹ በመጀመሪያው ፍጻሜ አይረኩም፤ እባቡ ይሞታል፣ ከዚያ ሌላ ፍጻሜ ይነገራል፣ በዚህኛው በራኒ ጸጉር ውስጥ ይኖራል። ሁለቱም ይታዩ።

የድሮ አዘጋጅ፦

በጣም ትንሽ አቅም ላለው ቡድን ደግሞ በኋላ ዘመን የጻፈው «የተሰባበሩ ምስሎች» አለ፤ አንዲት ተዋናይትና አንድ የቴሌቪዥን ስክሪን ብቻ ነው። በካነዳ ስትጽፍ የኖረች መምህርት በእንግሊዝኛ ባሳተመችው ልብ ወለድ ትነግሣለች፤ ለቴሌቪዥን ንግግር አድርጋ ልትወጣ ስትል የራሷ ምስል ስክሪኑ ላይ ቀርቶ ያፋጥጣታል። የምስሉ ንግግር አስቀድሞ ሳይቋረጥ ይቀረጻል። ስትቀርጹ መድረክ ላይ ያለችውን መልስ አንድ ሰው ከካሜራው ጀርባ በእውነተኛው ፍጥነት ያንብብ፤ ያለዚያ ክፍተቶቹ ያጥራሉ፣ ተዋናይቷም ቀረጻውን ስታሳድድ ታመሻለች። መብራት ቢጠፋ ተውኔቱ እዚያው ስለሚቆም ለስክሪኑም ለማጫወቻውም ባትሪ ይዘጋጅ።

ፈቃዱን አትርሱ። የሕንድ ሕግ የደራሲን መብት ከሞቱ በኋላ 60 ዓመት ይጠብቃል፣ የእኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ደግሞ 50 ዓመት። ካርናድ ያረፈው በ2019 ነው፤ በየትኛውም ስሌት መብቱ አለ። የእንግሊዝኛውን ቅጂ ያሳተመው ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ሕንድ ስለሆነ ደብዳቤው በእሱ በኩል ለወራሾች ይጻፍ። በደብዳቤው ላይ የትርጉም መብትንና የመድረክ መብትን ለየብቻ ጠይቁ፤ አንዱ ሌላውን አያስከትልም። የትዕይንቱን ቁጥር፣ የአዳራሹን የወንበር ብዛትና የመግቢያውን ዋጋ ጨምሩበት። መልስ ሳይመጣ ልምምድ መጀመር ይቻላል፣ ማስታወቂያ መለጠፍ ግን አይቻልም።

ሦስተኛው ደወል፦

«ሀያቫዳና»ን ይዘናል፤ ቦታውም ስሙም እንዳለ ይቀራል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ፓድሚኒ ራሶቹን ያለዋወጠችው ሆን ብላ ነው ወይስ በድንጋጤ? ተዋናይቷ ለማወቅ ትፈልጋለች።

ከፑኔ የምጽፍ፦

ጽሑፉ በጉጉቷ ተሳሳተች ይላል፤ ካሊ ግን ቀደም ብላ ፓድሚኒን እውነቱን በመናገሯ እንኳን ትገሥጻታለች፣ እውነቱን ለራሷ ጥቅም ብላ ነውና የተናገረችው። ተዋናይቷ ለራሷ አንዱን ትምረጥ፣ ለማንም አትንገር፣ ለአዘጋጁም ቢሆን። እጇ ግን አይንቀጥቀጥ፤ ከተንቀጠቀጠ ተመልካቹ ድንጋጤ ነው ብሎ ይፈርዳል። ጭምብሎቹን ፈጥና ታንሣ፣ ታስቀምጥ፣ ሰይፉን ትጫን። መብራቱ በዚያ ሰዓት ከላይ ብቻ ይሁን፣ ፊቷ በከፊል ይጨልም። ሁለቱ ወንዶች ተነሥተው እስኪናገሩ ድረስ ስህተቱን ማንም አይወቅ፤ ለዚህም ከመነሣታቸው በፊት ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ይተኙ።

መጋረጃ ጀርባ፦

ጭምብሎቹን ከመድረኩ ግራ በኩል ባለው ተዋናይ ራስጌ አኑሯቸው፤ ከቀኝ ካነሣቻቸው ክንዷ መብራቱን ይከልላል። ሰይፉም ከእንጨት ይሁን፣ ጫፉ ይዶልዱም፤ አንገት ላይ የሚያርፈው የሰይፉ ጠፍጣፋ ጎን ነው።